ጎንደርን በበሮቿ መግባት

ፋሲል ግቢን የሚያስጎበኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን በንጉሥ በንጉሥ ከፍሎ ይተርከዋል፤ ይሄ የፋሲል፣ ያ የጻድቁ ዮሐንስ፣ ቀጥሎ የአድያም ሰገድ ኢያሱ፣ ወዲያ ማዶ የዳዊት፣ የበካፋ፣ የምንትዋብ እያለ። እንግዳውም የሚጠይቀው የታወቀ ነው፦ ማን ሠራው? መቼ ተሠራ? ሁለቱም ደኅና ጥያቄዎች ሆነው ሳለ የግቢውን ትልቁን እንቆቅልሽ ሳይነኩት ያልፋሉ። 900 ሜትር ያህል በሚዞር ቅጥር ውስጥ፣ በመቶ ዓመት ገደማ ጊዜ፣ ነገሥታቱ እየተከታተሉ ከአባታቸው ቤት ጥቂት እርምጃ ርቀው የየራሳቸውን ቤት ያሠሩት ለምንድን ነው? አንዱን ሰፊ ቤተ መንግሥት እያሰፉና እያሳደሱ መኖር አይቀላቸውም ነበር? በእኔ እምነት መልሱ ያለው ከድንጋዩ ሳይሆን ከድንጋዩ በፊት ከነበረው ድንኳን ነው። ፋሲል ግቢ የኢትዮጵያ ነገሥታት ለዘመናት ይዘውት ሲዞሩ የኖሩት የድንኳን ሰፈር በኖራና በድንጋይ የተተከለበት ቦታ ነው። ጎንደርን ዘላቂ ከተማ ያደረጋት ደግሞ ግንቡ አይደለም፤ ከቅጥሩ ውጭ ያደረው ሕዝብ፣ ደብርና ገበያ ነው።

ድንኳኑን ለማየት አንድ መቶ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 ወደ ልብነ ድንግል ዘንድ ሲመጣ ያገኘው ቤተ መንግሥት ሳይሆን ብዙ ሺህ ድንኳን የተተከለበት ሰፈር ነበር። ጽሑፉን ልብ ብሎ ለሚያነበው የሚያስደንቀው የድንኳኑ ብዛት ሳይሆን ሥርዓቱ ነው። የንጉሡ ድንኳኖች ከፍ ባለ ቦታ ይተከላሉ፤ በመጋረጃ አጥር ይከበባሉ፤ ለአጥሩ በርና በረኛ አለው፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ዳኞቹ፣ ማድ ቤቱ፣ የጦር አለቆቹ፣ ገበያው ሁሉ የታወቀ ስፍራ አላቸው። ሰፈሩ ተነሥቶ ሌላ አገር ሲያርፍ ያ ሥርዓት እንዳለ ይደገማል። እንዲህ ያለው ኑሮ የመጣው ከድህነት ወይም ግንበኛ ከማጣት አልነበረም፤ በአክሱምም በላሊበላም ድንጋይ ከጥንት ጀምሮ ሲታዘዝ ኖሯል። ምክንያቱ ሌላ ነው። ግብር በእህልና በከብት በሚከፈልበት አገር ንጉሡ እህሉ ካለበት ሄዶ ቢበላው ይቀለዋል፤ ሹሙም የሚታዘዘው የንጉሡን ሠራዊት በዐይኑ ሲያይ ነው፤ የማገዶውም ነገር አለ፤ ያን ያህል ሕዝብ የሰፈረበት አካባቢ ዛፉ በጥቂት ዓመት ይመነጠራል። ሰፈሩን ግድ የሚያቆመው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ክረምት። ወንዝ ሲሞላ፣ መንገድ ሲጨቀይ፣ አጋሰስ መንቀሳቀስ ሲያቅተው ንጉሡ አንድ ቦታ ይከርማል። የጎንደር ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ መክረሚያ ነው።

ከግራኝ አሕመድ ጦርነት በኋላ የመንግሥቱ ማእከል ወደ ጣና ዙሪያ ሲዞር መክረሚያዎቹም አብረው ዞሩ። ሠርጸ ድንግል ስሙን ከእንፍራንዝ አጠገብ ካለው ከጉዛራ ግንብ ጋር አስተሳስሯል፤ ሱስንዮስ በጎርጎራና በደንቀዝ አሠራ። ፋሲል በ1632 አባቱ የካቶሊክን ሃይማኖት ለማስገደድ ያደረገው ሙከራ ደም አፍስሶ ከከሸፈ በኋላ ዙፋኑን ያዘ፤ በ1636 ገደማ ደግሞ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ ጎንደርን መረጠ። የሕዝቡ አፈ ታሪክ ይህን ሁሉ በአንድ ትንቢት ጠቅልሎ ያወራዋል፤ መናገሻው በ«ጎ» በሚጀምር ስፍራ እንደሚሆን ተነግሮ ነበርና ነገሥታቱ ጎርጎራንም ሌላውንም ሞክረው በመጨረሻ ጎንደር ላይ ደረሱ ይባላል። ትንቢቱን ማመን አያስፈልግም። ቁም ነገሩ ተራኪው ሕዝብ ጎንደርን ድንገት ከምድር የፈለቀች ከተማ አድርጎ አለማየቱ ነው፤ የተከታታይ ማረፊያዎች መጨረሻ መሆኗን ያውቃል። ቦታው ጥሩ ነበር፦ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ ወባ የማይደርስበት፣ ውኃው ቅርብ፣ ከምጽዋም ከስናርም የሚመጣው የነጋዴ መንገድ የሚያገኘው። የየመን ኢማም መልእክተኛ የነበረው ሐሰን አል ሐይሚ በ1648 ጎንደር ሲደርስ የፋሲልን ግንብ አይቶ በድንጋይና በኖራ መሠራቱን፣ የሠራውም ህንዳዊ መሆኑን ጽፏል። በዚያው ላይ የቀረው የከተማው ቤት ሁሉ የሣር ጎጆ ነው ይላል። ከተመሠረተች ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናት ጎንደር እንግዲህ ይህን ትመስል ነበር፦ መካከሏ ላይ አንድ የድንጋይ ቤት፣ ዙሪያውን የሣር ሰፈር።

አሁን ወደ ግቢው እንመለስና ከግንቦቹ ሳይሆን ከበሮቹ እንጀምር። ቅጥሩ ዐሥራ ሁለት ያህል በሮች አሉት፤ እያንዳንዱ የሚጠራው በሚገባበት ሰው ወይም በሚደረግበት ሥራ ነው። ጃን ተከል ከሚባለው አደባባይ ጋር የሚገናኘው ፊት በር ነው፤ አዋጅ የሚነገረውም ፍርድ የሚፈጸመውም እዚያው ነበር። ወምበር በር የዳኞች ነው። ተዝካሮ በር ለሙታን መታሰቢያ ግብር የሚገባበት፣ እምቢልታ በር የእምቢልታ ነፊዎቹ፣ ባልደራስ በር የፈረሰኞች አለቃ፣ ራስ በር የራስ ማዕረግ ያለው ሹም፣ እልፍኝ በር ወደ ንጉሡ የግል ክፍሎች የሚያስገባው። አደናገር በር የፈታዮች ነው፤ በድልድይ ከሸማኔዎቹ ሰፈርና ከቅዱስ ሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ጋር ይገናኝ ነበር። ይህን ዝርዝር ከአልቫሬዝ መግለጫ አጠገብ ላስቀመጠው ሰው የመጋረጃው አጥር ወደ ድንጋይ አጥር ተለውጦ ይታየዋል። እያንዳንዱ ሹም በሰፈሩ ውስጥ የነበረውን አቅጣጫና መግቢያ ይዞ ቀርቷል፤ የተለወጠው የአጥሩ ዕቃ ብቻ ነው። በግቢው ውስጥ ያሉትም አብያተ ክርስቲያናት፣ ግምጃ ቤት ማርያም፣ እልፍኝ ጊዮርጊስና አጣጣሚ ሚካኤል፣ በስማቸው ሳይቀር የቤተ መንግሥቱን የሥራ ክፍሎች ይዘዋል። በጉዞ ላይ የነበረው ሰፈርም ድንኳን ቤተ ክርስቲያኑን ከንጉሡ ድንኳን አያርቅም ነበር።

ግንቦቹን በዚህ ዐይን ማየት ነው። ሕዝቡ እንቁላል ግምብ የሚለው የፋሲል ቤት በአራቱ ማእዘን ክብ ማማ የቆመለት፣ የማማዎቹ ጫፍ እንደ እንቁላል ሞልሞል ያለ፣ ወደ 32 ሜትር የሚደርስ ሕንጻ ነው፤ አካሉ ጠይም ጥቁር ድንጋይ፣ የበሩና የመስኮቱ ቅስት ግን ቀላ ያለ ነው፣ ከላይ ሰገነቱ ላይ ቀን ሲጠራ ጣና ይታያል። ከአጠገቡ የዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት አለ። የኢያሱ ግንብ በዘመኑ በዝሆን ጥርስና በመስተዋት ያጌጠ ነበር ይባላል፤ በ1704 የምድር መንቀጥቀጥ ጎዳው። ዳዊት የዘፈን አዳራሽ አሠራ፤ በካፋ የግብር አዳራሽና የፈረስ ጋጣ፤ ምንትዋብ የራሷን ግንብ። አንዱ ሌላውን አያፈርስም፤ አይወርስምም ለማለት ባልደፍርም፣ ቢያንስ እንደ ራሱ ቤት አይቆጥረውም። በሰፈር ልማድ ይህ ፍጹም ተፈጥሯዊ ነው፤ አዲስ ንጉሥ የራሱን ድንኳን ያስተክላል፣ የራሱን ቤተሰብና አሽከር ይዞ ይሰፍራል፣ የሟቹ ድንኳን ከሟቹ ቤተሰብ ጋር ይቀራል። ነገሥታት የትም ቢሆን ስማቸውን ለማስጠራት ያሠራሉ፤ የጎንደሮቹንስ ከዚያ ምን ይለያቸዋል የሚል ሊኖር ይችላል። ክብር መፈለጋቸውን አልክድም። ክብር ብቻ ቢሆን ግን ተከታዩ ንጉሥ ከቀደመው የሚበልጥ ቤት ለመሥራት በተሽቀዳደመ ነበር። የፋሲልን ግንብ ያህል ግዙፍ ቤት ከእርሱ በኋላ ማንም አላቆመም፤ ተከታዮቹ በትንሽ ቤት ረክተው የፋሲሉን ለአደባባይ ሥራ ተገለገሉበት። ጄምስ ብሩስ በ1770 ሲመጣ ዋናው ቤተ መንግሥት በተደጋጋሚ ቃጠሎ የተጎዳ ሆኖ ሳለ ታችኛዎቹ ሁለት ፎቆች ገና ሥራ ላይ እንደነበሩ፣ የችሎቱም አዳራሽ ከ120 ጫማ በላይ ይረዝም እንደነበር ጽፏል። የጋራ አዳራሽ መካከል ላይ፣ የየግል ማደሪያ ዙሪያውን፤ ሰፈርም እንዲሁ ነበር።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣው ክርክር ይመጣል፤ ግንቡ የፖርቱጋሎች ሥራ ነው የሚለው። ክርክሩ ሁለት ወገን አለው፣ ሁለቱም ወገኖች የሚጣሉት ስለ ድንጋዩ ነው። ፋሲል ኢየሱሳውያንን ያባረረው ግንቡ ከመቆሙ በፊት ነው፣ የየመኑ መልእክተኛም ህንዳዊ ነው ያለው፣ ኖራ ማቃጠሉም በሱስንዮስ ዘመን ከህንድ በመጣ እጅ እንደገባ የዘመኑ ምንጮች ያመለክታሉ። በሌላ በኩል የግንበኛነቱና የአናጢነቱ፣ የብረቱም ሥራ ከቤተ እስራኤል እጅ አይነጠልም፤ ከከተማው ዳር ሰፍረው ነገሥታቱን በሙያቸው አገልግለዋል። የሙያው ምንጭ ብዙ ይሁን እንጂ የግቢው አሰፋፈር ከሊዝበንም ከጎዓም አልመጣም። የውጭ ባለሙያ ቅስት እንዴት እንደሚታነጽ ሊያስተምር ይችላል፤ የፈረሰኞች አለቃ በየትኛው በር እንደሚገባ ግን አያስተምርም። በማን ሠራው ክርክር ላይ ያፈሰስነው ጉልበት ለምን እንዲህ ተሠራ የሚለውን እንዳንጠይቅ አድርጎናል ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ጎንደር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ መናገሻ ሆና ኖራለች፤ እንዲህ ያለች ከተማ እንዴት ሰፈር ትባላለች? ለዚህ የምመልሰው በነገሥታቱ ዜና መዋዕል ነው። ፋሲል ራሱ የሞተው በአዘዞ ነው፣ የተቀበረውም በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ እንጂ በጎንደር አይደለም። ተከታዮቹም ጎንደር ይከርማሉ እንጂ በጋውን ዘመቻ ላይ ናቸው፤ አሪንጎና ይባባ የሚባሉ ሌሎች ማረፊያዎችም ነበሯቸው። ይህን ልማድ ያፈረሰ ንጉሥ ምን እንደሚደርስበት የሚያሳየው ዳግማዊ ኢያሱ ነው። ከእናቱ ከምንትዋብ ጋር ሆኖ ክፍሎቹን ከሰምርኔስ በመጡ የግሪክ ባለሙያዎችና በቬኒስ መስተዋት ሲያስጌጥ መክረም ብቻ ሳይሆን በጋውንም መዋል ጀመረ። ብሩስ እንደሚነግረን ዘመቻ አይሄድም እያለ የሚያላግጥ ጽሑፍ ተሠራጨበት። እርሱም ለዚህ መልስ ለመስጠት በሚመስል ሁኔታ በ1744 ስናር ላይ ዘመተና ክፉኛ ተሸንፎ ተመለሰ። በዘመኑ ሰው ሚዛን ንጉሥነት የሚረጋገጠው በመንቀሳቀስ ነበር፤ ግንቡ የሚከበረው የሚወጣበት ጌታ እስካለው ድረስ ነው። በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል ኢዮአስን ካስገደለ በኋላ ይህ ነገር እስከ ጫፉ ደረሰ፤ በዘመነ መሳፍንት ንጉሠ ነገሥቱ በግንቡ ውስጥ ቀረ፣ ሥልጣን ግን ከሠራዊቱ ጋር ወጥቶ ሄደ። የየጁ ራሶች ደብረ ታቦር ተቀምጠው ጎንደር ያለውን ንጉሥ ሾሙ፣ ሻሩ። ጎንደርን ከመናገሻነት ያወረዳት የግንቡ መፍረስ አልነበረም፤ ንጉሡ ብቻውን ግንብ ውስጥ መቅረቱ ነው።

እንግዲህ የሚገርመው የንጉሡ ኃይል ከጠፋ በኋላ ከተማዋ መኖሯ ነው። ደንቀዝ ሱስንዮስ ከሞተ በኋላ ሰው አልበረከተባትም፤ ጎንደር ግን በረከተች። ልዩነቱን የሚያሳየው ምስክር ከቅጥሩ ውጭ ይገኛል። ቀዳማዊ ኢያሱን (አድያም ሰገድን) ሊያክም በ1699 የመጣው ፈረንሳዊ ሐኪም ፖንሴ ከተማዋ ሰፊ ብትሆንም ቤቶቿ አንድ ፎቅ ብቻ እንደሆኑ፣ ሱቅ የሚባል እንደሌላት፣ ነጋዴው ሸቀጡን በሰፊ አደባባይ ምንጣፍ ላይ ዘርግቶ እንደሚሸጥ፣ ገንዘቡም ወርቅና አሞሌ እንደሆነ ጽፏል። ብሩስ ከ70 ዓመት በኋላ በሰላም ጊዜ 10,000 ያህል ቤተሰብ አላት ብሎ ገመተ፤ ቤቶቹ ግን ያኔም የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን ነበሩ። ግንቡን ብቻ የሚያይ ሰው ይህ የሰፈርነት ምልክት ነው ሊል ይችላል። የሰዎቹ አሰፋፈር ግን ሌላ ይናገራል። በ1668 በዮሐንስ ዘመን የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ፤ ሙስሊም ነጋዴዎቹ በአዲስ ዓለም፣ ቤተ እስራኤል በካይላ ሜዳ፣ ጳጳሱ በአቡን ቤት፣ እጨጌው በእጨጌ ቤት። ውሳኔው አድሎ መሆኑ ጥርጥር የለውም። አድሎነቱ እንዳለ ሆኖ ግን ነገ ተነሥቶ ለሚሄድ ሰፈር ማንም እንዲህ ዓይነት ሕግ አያወጣም። ሕጉን ያስወጣው የሕዝቡ መደላደል ነው።

ከሁሉ የሚያሳምነኝ ግን መሬቱ ነው። ነገሥታቱ አንድ ደብር ሲተክሉ ለካህናቱና ለደብተራው ለአገልግሎት መቋቋሚያ ሪም የሚባል መሬት ይሰጣሉ። በ18ኛው መቶ ዓመት ጎንደር አካባቢ ይህ ሪም በገንዘብ ሲሸጥና ሲለወጥ ይገኛል፤ ውሉ ከነምስክሮቹ ስም በየደብሩ መጻሕፍት ክፍት ገጾችና ኅዳግ ላይ ተጽፏል፤ ከገዢዎቹና ከሻጮቹም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ምንትዋብ በከተማው ዳር በደብረ ፀሐይ ቁስቋም ያቋቋመችው ደብር የዚህ ሥርዓት ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ግንብና መሬት፣ ካህንና መጽሐፍ አንድ ላይ ተተከሉ። ንግሥቲቱ ከፋሲል ቅጥር ወጥታ ኮረብታው ላይ መኖሯ ራሱ ብዙ ይናገራል። የምሁራኑም ነገር እንዲሁ ነው፤ የመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ የተከፈለው ጎንደር ላይ ነው፣ መምህር ኤስድሮስም የታች ቤቱ አባት ተብሎ ይጠራል፤ የአቋቋም ተማሪ ደግሞ ዛሬም የጎንደር በአታን ይጠራል። ተማሪ በእግሩ አገር አቋርጦ የሚመጣው ንጉሡን ፍለጋ ሳይሆን መምህሩን ፍለጋ ነበር። ራሶቹ ደብረ ታቦር ቢቀመጡም መምህሩ ከጎንደር አልተነሣም።

ቴዎድሮስ ይህን የተረዳ ይመስላል። በ1855 በደረስጌ ማርያም ነግሦ መቀመጫውን ደብረ ታቦር ሲያደርግ፣ በ1866 ደግሞ ጎንደርን ሲያስዘርፍና ሲያስቃጥል ጠቡ ከግንቡ ጋር አልነበረም። የመታው አብያተ ክርስቲያናቱን፣ ሀብታቸውንና መጻሕፍታቸውን ነው። የሰበሰባቸው መጻሕፍት መቅደላ ለሚያሠራው ለመድኃኔ ዓለም ታሰቡ፤ በ1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ወደ 350 የሚጠጉትን ይዘው ሄዱ። ስለዚህ የጎንደርን መሬት ሽያጭ ማጥናት የሚፈልግ ሰው የምስክሮቹን ስም ለንደን ባለ ብራና ኅዳግ ላይ ያገኘዋል። ከዚያ በ1888 የሱዳን መሐዲስቶች መጥተው የቀረውን አቃጠሉ። በቀዳማዊ ኢያሱ የተመሠረተችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፤ የንብ መንጋ አዳናት ይባላል። ጣሪያዋን የሞላው የኪሩቤል ፊት ዛሬ ከግንቦቹ እኩል የጎንደር ምልክት ሆኗል። ከእነዚህ ሁለት ቃጠሎዎች በኋላ ሕዝቡ ቁጥሩ ተመናምኖም ቢሆን ተመልሶ ሰፈረ፤ የተመለሰውም ወደየደብሩና ወደ ቅዳሜ ገበያ ነው። ጣሊያኖች በ1936 መጥተው ፒያሳውን፣ ፖስታ ቤቱንና ሲኒማውን ሲሠሩ፣ በኅዳር 1941 የመጨረሻው ጦራቸው እዚያው እጁን ሲሰጥ፣ ግንቡ ለአስተዳደር ቢሮነት ካገለገለ በስተቀር በከተማው ኑሮ ውስጥ ድርሻ አልነበረውም።

ለጎብኚ ከዚህ የሚወጣ ተግባራዊ ነገር አለ። ዩኔስኮ በ1979 የመዘገበው ፋሲል ግቢን ብቻ አይደለም፤ የፋሲል መዋኛ፣ ቁስቋም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ከከተማው ርቀው ያሉት የጎርጎራ ማርያም ግምብና ጉዛራም አብረው አሉበት። ብዙ ሰው ግን በግማሽ ቀን ግንቦቹን፣ በቀረው ግማሽ ሥላሴን አይቶ ይመለሳል። ጊዜ ያለው ሰው ከጉዛራ ወይም ከጎርጎራ ቢጀምር፣ በአዘዞ በኩል ቢመጣ፣ ግቢውንም በፊት በር ገብቶ ከመጨረሱ በፊት በቅጥሩ ዙሪያ በውጭ ቢዞርና በሮቹን አንድ በአንድ ቢጠይቅ፣ ከዚያም አዲስ ዓለምንና ወለቃን ቢያይ ይሻላል። ወለቃ ዛሬ የሚሸጠው ሸክላ የቤተ እስራኤል ሙያ ትዝታ ነው፤ ባለሙያዎቹ ራሳቸው በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ሄደዋል። በጥምቀት የሚመጣ ደግሞ የፋሲል መዋኛ ከቀሃ በሚጠለፍ ውኃ ተሞልቶ ታቦታቱ ከየደብራቸው ወርደው በድንኳን ሲያድሩ ያያል። ያን ሌሊት የሚተከለው ሰፈር የራሱ አቀማመጥና ተራ አለው፤ የትኛው ታቦት ከየት በኩል እንደሚገባ ካህናቱ ሳይጽፉት ያውቁታል፣ ፎቶ አንሺው ግን አብዛኛውን ጊዜ ካሜራውን የሚያዞረው ወደ ውኃው ነው።